ለዘወትር የሚሆን ርካሽ የኩባ ሲጋር መምረጥ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

የሚፈለገው ነገር ግልጽ ነው፦ ከምሳ በኋላ ወይም ከሥራ መልስ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚጨስ፣ በመሀል ቢጣል የማያስቆጭ፣ በእጅ የተጠቀለለ የኩባ ሲጋር። ውዶቹ የኩባ ሲጋር ስሞች ኮሂባና ትሪኒዳድ ከመነሻው ከዝርዝሩ ወጥተዋል። የኩባን ሲጋር ለዓለም የሚያከፋፍለው ድርጅት ሃባኖስ በ2022 የሁለቱን ዋጋ በዓለም ዙሪያ አንድ ለማድረግ ወደ ላይ ከሰቀለው ወዲህ የዘወትር ዕቃ መሆናቸው ቀርቷል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ የትምባሆውን እምብርት ፒናር ዴል ሪዮን መትቶ ብዙ የቅጠል ማድረቂያ ቤቶችን አፈራርሷል፤ ቀድሞም ያልተትረፈረፈው አቅርቦት ከዚያ በኋላ ይበልጥ ሳስቷል።

ግዢው የሚካሄደው ጀርመን ውስጥ ነው። እዚያ ትምባሆ የሚሸጠው በቀረጥ ቴምብሩ ላይ በታተመው ዋጋ ብቻ ስለሆነ ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ ዋጋ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። ሙሉ ሳጥን ለሚገዛ ሰው የሚደረገው ቅናሽ 3 በመቶ ነው። አሜሪካ ያለ አንባቢ ደግሞ ይህን ይያዝ፦ ከሴፕቴምበር 2020 ወዲህ መንገደኛ ለግል መጠቀሚያውም ቢሆን የኩባ ትምባሆ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም።

ዋጋን በምን እንለካ

ዋጋን በፍሬ ማነጻጸር ያሳስታል። የሲጋር ውፍረት የሚለካው በሪንግ ሲሆን አንድ ሪንግ የአንድ ኢንች 64ኛ ነው። ስለዚህ 42 ሪንግ 16.7 ሚሊ ሜትር፣ 50 ሪንግ ደግሞ 19.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ በዓይን ሲታይ ትንሽ ነው፤ ይዘቱ ሲሰላ ግን ሰፊ ነው። የግማሽ ውፍረቱን በራሱ አባዝቶ በ3.14 ከዚያም በርዝመቱ ማባዛት ነው፦

ሆሴ ኤል. ፒዬድራ ብሬቫስ፣ 42 ሪንግ በ133 ሚሜ ርዝመት፦ 29 ሴሜ ኩብ
ፒዬድራ ፔቲት ካሳዶሬስ፣ 43 በ105፦ 24
ኪንቴሮ ፋቮሪቶስ፣ 50 በ115፦ 35.5
ፓርታጋስ ሾርትስ፣ 42 በ110፦ 24
ራፋኤል ጎንሳሌስ ፔርላስ፣ 40 በ102፦ 20
ፖር ላራኛጋ ሞንቴካርሎስ፣ 33 በ159፦ 21.5
ሞንቴክሪስቶ ቁጥር 4፣ 42 በ129፦ 28

የመጨረሻው ለዘወትር የታሰበ ሳይሆን ሌሎቹ የሚመዘኑበት ነው። ኪንቴሮ ፋቮሪቶስ ከብሬቫስ አጥሮ ሳለ 22 በመቶ ያህል የበለጠ ትምባሆ መያዙ ልብ ይባል። ረጅምና ቀጭኑ ሞንቴካርሎስ በተቃራኒው ለዓይን ትልቅ ነው፣ በውስጡ ያለው ግን ከትንሿ ፔርላስ እምብዛም አይበልጥም።

ከዚህ ዝርዝር የተገኘው ጥሩ ዕድል ግን ሌላ ነው። ፔቲት ካሳዶሬስና ፓርታጋስ ሾርትስ በይዘት እኩል ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ከእጥፍ በላይ ይራራቃል። ዋናው ልዩነታቸው ሆዳቸው ውስጥ ያለው ቅጠል ነው። ሾርትስ ትሪፓ ላርጋ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ ሙሉ ቅጠል ታጥፎ ገብቶበታል። ፒዬድራ ትሪፓ ኮርታ ነው፤ የረጃጅሞቹ ሲጋሮች ሲሠሩ የተረፈው ቁርጥራጭ ቅጠል በሙሉ ማሰሪያ ቅጠልና በሽፋን ቅጠል ተጠቅልሏል። የቅጠሉም አገር ይለያያል። ፒዬድራ በደሴቲቱ መሀል ካለው ከቩዌልታ አሪባ ነው፣ ፓርታጋስ ከምዕራቡ ከቩዌልታ አባሆ። በ1924 ሲየንፉዌጎስ ከተማ የተመሠረተው ኪንቴሮ ደግሞ ትሪፓ ኮርታ ቢሆንም ቅጠሉን ከቩዌልታ አባሆና ከሴሚ ቩዌልታ ያመጣል።

ጓንታናሜራ ከሁሉም ይረክሳል፤ የሚሠራው ግን በማሽን ስለሆነ እዚህ አልገባም።

ሱቅ ላይ የሚታይ

ሳጥኑ ይገለበጣል። ከሥሩ «ኤቾ ኤን ኩባ» (በኩባ የተሠራ) የሚለው ማኅተም፣ በእጅ ለተሠራው «ቶታልሜንቴ አ ማኖ»፣ ለቁርጥራጩ ደግሞ «ትሪፓ ኮርታ» የሚል ይኖራል። ከጎኑ የፋብሪካው ምስጢራዊ ፊደላትና የታሸገበት ወርና ዓመት ታትሟል። ወሩ የስፓኝኛ ምህጻረ ቃል ስለሆነ አንዳንዱ ያደናግራል፦ «ኤኔ» ጃንዋሪ፣ «አብር» ኤፕሪል፣ «አጎ» ኦገስት ነው። ለርካሽ ሲጋር ቀኑ ከውድ ሲጋር ይልቅ ያስፈልጋል፤ ታሽጎ ዓመት ያልሞላው ቁርጥራጭ ብዙ ጊዜ የአሞኒያ ሽታ አለው፣ አፍንጫ ይወጋል፣ ሁለተኛው ሲሶ ላይ ሲደርስ ጉሮሮ ይከረክራል። ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን ከተገኘ በዕድሜ የቆየው ይወሰድ።

አረንጓዴው የዋስትና ቴምብር ባር ኮድና ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን ሃባኖስ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማጣራት ይቻላል። አስመሳዮች በብዛት የሚሠሩት ኮሂባን ነው። ፒዬድራን አስመስሎ ለመሥራት የሚደክም ሰው እምብዛም የለም፤ ይህም የርካሽ ሲጋር አንድ ጥቅም ነው።

በመጀመሪያ ሳጥን አይገዛም። ፒዬድራ በ5 እና በ12 ፓኬት ስለሚሸጥ ለሙከራ ይመቻል። ፓኬቱ ሲከፈት አንድ በአንድ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ከእግር (ከሚለኮሰው ጫፍ) እስከ ራስ ቀስ ተብሎ ይዳሰሳል። ሁሉም ጋ እኩል ረገብ ማለት አለበት። ጉብ ያለ ጠንካራ ቦታ ካለ እዚያ ውስጥ የቅጠል አከርካሪ ተወትፏል፣ ጭስ አያሳልፍም። ስርጉድ የሚል ለስላሳ ቦታ ካለ ደግሞ እዚያ ጋ ሲደርስ እሳቱ ይሮጣል፣ ጭሱም ይግላል።

ማስቀመጫ

ሂዩሚዶር (እርጥበት የሚጠብቅ የሲጋር ሳጥን) መግዛት አያስፈልግም። ጎማ ያለው ክዳን በአራት ማዕዘን ግጥም የሚል የምግብ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ከብዙ ርካሽ የእንጨት ሳጥን ይሻላል፣ አየር አያስገባም። አዲስ መሆን አለበት። በርበሬ ወይም ቡና የተቀመጠበት ፕላስቲክ አሥር ጊዜ ቢታጠብም ሽታውን አይለቅም፣ ትምባሆ ደግሞ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይስባል። እጣን በሚጨስበት ክፍል ውስጥም አይከፈት። ከታች ከድሮ ሲጋር ሳጥን የተነቀለ ስስ የሴዳር እንጨት ይነጠፋል።

እርጥበቱን የሚጠብቀው ሁለት አቅጣጫ የሚሠራ የእርጥበት ከረጢት ነው፤ ቦቬዳ የተለመደው ነው። ለ25 ሲጋር አንድ ባለ 60 ግራም ይበቃል። ላዩ ላይ የሚጠብቀው እርጥበት በመቶኛ ተጽፏል፦ 62፣ 65፣ 69፣ 72። ምርጫውን ወደ ታች እንመለስበታለን።

የእርጥበት መለኪያው (ሃይግሮሜትር) ሳይፈተሽ አይታመንም። ርካሽ ሃይግሮሜትር 5 ነጥብ ወዲያ ወዲህ ማለቱ የተለመደ ነው። አፈታተሹ፦ በጠርሙስ ክዳን የገበታ ጨው ይሞላል፤ ጨው እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ድረስ ጥቂት ጠብታ ውኃ ይጨመራል፣ እንዲሟሟ አይደረግም። ክዳኑና መለኪያው ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ አብረው ይታሸጉና ሙቀቱ በማይለዋወጥበት ቦታ ለ24 ሰዓት ይተዋሉ። እርጥብ ጨው አየሩን 75 በመቶ ላይ ያቆመዋል። መለኪያው 71 ካሳየ 4 እንደሚጎድለው ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍ። ውኃ በዝቶ ጨው ከሟሟ ንባቡ ከ75 በላይ ይወጣል፣ ያን ጊዜ መለኪያውን መውቀስ ልክ አይደለም።

ሙቀቱ ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። ከ24 ካለፈ ቅጠሉ ውስጥ የተኛ የትምባሆ ነቀዝ እንቁላል ሊፈለፈል ይችላል፤ ምልክቱ ሽፋኑ ላይ የክብሪት ራስ የማያህል ክብ ቀዳዳና ከሥሩ የፈሰሰ ቡናማ ዱቄት ነው። አንድ እንኳ ከታየ ሁሉም ዚፕ ባለው ላስቲክ ድርብ ታሽጎ አንድ ቀን ፍሪጅ፣ ሦስት ቀን ፍሪዘር፣ እንደገና አንድ ቀን ፍሪጅ ይቆያል። የፍሪጁ ቀን አይዘለልም፤ ከፍሪዘር በቀጥታ ወደ ሞቃት ክፍል የወጣ ሲጋር ሽፋኑ ይሰነጠቃል።

አዲስ አበባ ላይ ይህን ለሚሞክር ሰው፦ ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ደረቅ ስለሆነ ፕላስቲኩ በየቀኑ ከተከፈተ ከረጢቱ ቶሎ ይደርቃል። እንደ ካርቶን ድርቅ ብሎ ሲገኝ አልቋል።

እርጥበቱ፦ የሥራው ዋና ግኝት

ከሱቅ የሚመጣው ሲጋር አብዛኛውን ጊዜ ከ69 እስከ 72 በመቶ ላይ የኖረ ነው። ፔቲት ካሳዶሬስና ሾርትስ እንደመጡ ሲለኮሱ ውጤቱ የሚጠበቀው ነው፦ ሾርትስ ጠበቅ ቢልም ይጨሳል፣ ፒዬድራ ግን ሁለት ጊዜ ይጠፋል፣ ሲመለስም ይመራል። ብዙ ሰው ትሪፓ ኮርታን እዚህ ላይ ተሰናብቶ ይሄዳል። የምንለው ይህ ችኮላ ነው።

ቁርጥራጩ ቅጠል እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና በመሀሉ ያለው ጭስ መተላለፊያ ይዘጋል፤ ሙሉ ቅጠል ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የታጠፈበት እጥፋት ክፍተቱን ይይዝለታል። ቀጥሎ ፍሙ ጉልበቱን ውኃውን በማትነን ይጨርሳል፣ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ያልነደደው ዝፍት ወደ አፍ ይመጣል። እርጥብ ማገዶ ይጨሳል እንጂ አይነድም፤ ይህም ያው ነው።

ስለዚህ ፒዬድራ ወደ 62፣ ሾርትስ ወደ 65 ተለያይተው ገቡ። መድረሳቸውን በቀን ብዛት መገመት አያስፈልግም። አሥረኛ ግራም የምታሳይ የኪስ ሚዛን ላይ አንድ ምልክት የተደረገበት ሲጋር በየቀኑ ይመዘናል፤ ክብደቱ ለሦስት ተከታታይ ቀን ሳይለወጥ ሲቆም እርጥበቱ ተስተካክሏል ማለት ነው። ከ70 ወደ 62 የሚወርድ ትንሽ ሲጋር የሚቀንሰው ጥቂት አሥረኛ ግራም ነው፤ በአፍ ሲሞከር ግን ሌላ ሲጋር ነው። በጣት ሲጫኑት ደከም ያለ ኮሽታ መስማት ይጀመራል። ኮሽታው ወደ ስንጥቅታ ከተለወጠ ግን ከ60 ወርዷል፣ ሽፋኑ ሲቆረጥ ይላጣል።

ጊዜ የሌለው ሰው የነገውን ሲጋር ዛሬ ማታ አውጥቶ ባዶ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ያሳድረው። ከ62 ከረጢት ባይስተካከልም ካልደረቀው ይሻላል።

አቆራረጥና አለኳኮስ

ሲጋሩ ራስ ላይ ያለው ቆብ ብቻ ነው የሚቆረጠው፣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል። ቆቡ ከሰውነቱ ጋር ከሚገናኝበት መስመር ወርዶ የተቆረጠ ሽፋን ይፈታል። ትሪፓ ኮርታን ሙሉ ለሙሉ በጊሎቲን (በባለ ስለት መቁረጫ) የቆረጠ ሰው ፍርፋሪ ሲተፋ ያመሻል። ለእሱ ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የምትበሳ መብሻ ትመረጣለች፤ የቆቡ ጠርዝ ስለሚቀር ፍርፋሪውን ይገድበዋል። ጉዳቷ ዝፍት በቀዳዳዋ ዙሪያ መጠራቀሙ ስለሆነ በመሀል አንዴ በወረቀት ይጠረግ።

ሳይለኮስ ይሳባል። አየሩ በመጠኑ እየታገለ መምጣት አለበት። ጭራሽ ካልመጣ በረጅም ቀጭን የሲጋር መርፌ መክፈት ይቻላል፤ ትሪፓ ኮርታ ላይ ግን መርፌውን እየገፉ ብቻ መሄድ ቁርጥራጩን ይበልጥ ይጠቀጥቀዋል። እያሽከረከሩ ጥቂት ማስገባት፣ መልሶ ማውጣት፣ የወጣውን ብናኝ ማራገፍ፣ እንደገና መግባት ነው።

ለስላሳ ነበልባል ይሻላል፤ ረጅም ክብሪት ከሆነ ድኙ ነዶ እስኪያልቅ ይጠበቅ። ባለ ጄት ላይተር የቁርጥራጩን ጫፍ ያከስለዋል። ያላችሁ እሱ ብቻ ከሆነ ነበልባሉ ጫፉን ሳይነካ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲጋሩ እየተሽከረከረ ይሞቃል፣ ዙሪያው እኩል ሲቀላ ያኔ ይሳባል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የጄት ላይተር እምቢ ማለቱ የታወቀ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የጋዙና የአየሩ ድብልቅ ይዛባል። የጋዙን ማስተካከያ ዝቅ ማድረግ፣ ከመሙላት በፊት ደግሞ ላይተሩን ገልብጦ ቫልቩን በትንሽ ጠመንጃ መፍቻ ተጭኖ ውስጡ የቀረውን አየር ማስወጣት ይረዳል። አዲስ አበባ ላይ ክብሪት ይዞ መውጣት ያዋጣል።

ሁለቱ ጎን ለጎን

በትክክለኛ እርጥበታቸው ሲጨሱ ሾርትስ 35 ደቂቃ ያህል ይሄዳል፣ ፔቲት ካሳዶሬስ ከ25 እስከ 30። ይዘታቸው እኩል ሆኖ ሳለ የጊዜው ልዩነት የመጣው ቁርጥራጩ ብዙ ጠርዝ ስላለው፣ እሳትም በጠርዝ በኩል ስለሚይዝ ነው። የሾርትስ አመድ 2 ሴንቲ ሜትር አልፎም ይቆማል፤ የፒዬድራው 1 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ይራገፍ፣ አለዚያ ሱሪ ላይ ነው።

ጣዕሙ ላይ ማጋነን አያስፈልግም። ሾርትስ ቁንዶ በርበሬ፣ ከዚያ አፈር፣ ወደ መጨረሻው ጥቁር ቡና ይላል፤ በየሲሶው ይለዋወጣል። ፒዬድራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንጨትና ድርቆሽ ነው፣ አለፍ ሲል ደግሞ ጥቂት ለውዝ። አይለወጥም። እያነበበ ወይም እየሠራ ለሚያጨስ ሰው አለመለወጡ ጉድለት አይመስለንም። የመጨረሻውን ሲሶ ግን መተው ነው፤ ሾርትስ ጣት እስኪያቃጥል ሲጨስ ፒዬድራ 3 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ይከርራል።

በደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ መሳብ ለሁለቱም ደንብ ነው፤ ፒዬድራ ልል ሆኖ ከተገኘ ወደ 90 ሰከንድ ይራዘም። አንዱ ጎን ወደፊት ከነደደ፣ የዘገየው ጎን ወደ ታች ተደርጎ ይያዛል፤ ታች ያለው አየር ስለሚያገኝ ይደርሳል። በሁለት ሦስት ስበት ካልተስተካከለ የዘገየውን ጠርዝ በላይተር መንካት ነው። መሀሉ ሄዶ ሽፋኑ ከቀረ ምክንያቱ የሽፋኑ እርጥበት ወይም በጣም ዘግይቶ መሳብ ነው። የጠፋ ሲጋር አመዱ ተራግፎ፣ ከመለኮሱ በፊት አንዴ ወደ ውጭ እፍ ተብሎበት የታመቀው ጭስ ይውጣ፤ ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያው ስበት ሬት ነው።

በባዶ ሆድ አይጨስ። ጭሱ ወደ ሳንባ ባይሳብም ኒኮቲኑ በአፍ በኩል ደም ውስጥ ይገባል፤ ላብና ማቅለሽለሽ ከመጣ ስኳር ያለው ነገር ይጠጣ። በየቀኑ ማጨስ የአፍና የጉሮሮ ካንሰርን አደጋ እንደሚጨምርም የታወቀ ነው፤ «ዘወትር» የሚለው በሳምንት ሁለት ሦስቴ ቢሆን ለኪስም ይቀላል።

የተቀሩት

ኪንቴሮ ፋቮሪቶስ ያስገረመው ነው። ውፍረቱ ትሪፓ ኮርታን ይረዳዋል፤ መተላለፊያው ሰፊ ስለሆነ የመታፈን አደጋው ከቀጫጭኖቹ ያንሳል፣ ጭሱም ቀዝቀዝ ይላል። 45 ደቂቃ ያህል ይሄዳል፣ በሴሜ ኩብ ሲሰላም ከእጅ ሥራዎቹ መሀል ከርካሾቹ ነው። ለግማሽ ሰዓት ግን ይበዛል፣ ነፋስ ባለበት ግቢ ለቅዳሜ ይሁን።

ሞንቴካርሎስ ትሪፓ ላርጋ ነው፣ ሽፋኑም ያምራል፤ ማርና ለስላሳ ቅመም የሚወድ ይወደዋል። 33 ሪንግ ላይ ግን የሚጠቀልለው ሰው ትንሽ ስሕተት ሲጋሩን ይደፍነዋል፤ በተጨማሪም ቶሎ ቶሎ ለሚስብ ሰው ይግላል። ከመጠን በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፔርላስ በ20 ሴሜ ኩብ ትንሽ ብትሆንም ሙሉ ቅጠል ናት፣ 25 ደቂቃ ትሄዳለች፣ እስከ ጫፍ ትጨሳለች። የሚጣለው ቁራጭ ሲቀነስ ከብሬቫስ ጋር ያላት የዋጋ ርቀት ከቴምብሩ ላይ ካለው ይጠባል።

ውሳኔ

ለሥራ ቀን ፒዬድራ ፔቲት ካሳዶሬስ፣ በ62። ቁጭ ተብሎ ለሚጨስበት ቀን ፔርላስ ወይም ሾርትስ፣ በ65፤ ሁለቱ ካሉ ዋጋው የቀለለው። ፋቮሪቶስ ለውጭ። ብሬቫስ አልተመረጠም።

ቀጣዩ ግዢ ባለ 5 ፓኬት ሳይሆን ባለ 12 ይሆናል፤ ቢያንስ ዓመት የሞላው የቀን ማኅተም ካለው ብቻ። ከ12ቱ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በ62 ቆይተውም ከታፈኑ የቀሩት አይለኮሱም፣ ቆርጦ በፒፓ ማጨስ ይቻላል። ከረጢቶቹ ሲጋር ከመግባቱ ከሁለት ቀን በፊት ባዶው ፕላስቲክ ውስጥ ይቀመጡ፣ ሴዳሩም መጀመሪያ የራሱን እርጥበት ይጠጣ።